የጠመኔ ብናኝ በመጽሔት ሽፋን ላይ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች የጋዜጣ መሸጫ ደጃፍ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ የልብ ወለድ መጽሔቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጡ በነበረበት ዘመን፣ መንገደኛው ገዥ ከዚያ ሁሉ መካከል የትኛውን እንደሚያነሣ የሚወስንለት በውስጡ የታተመው ታሪክ ጥራት ሳይሆን በፊት ሽፋኑ ላይ የተሣለው ሥዕል ነበር። ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም፣ የአብዛኞቹ ስም ከሽፋኑ ጥግ አልፎ አልታወቀም፤ ሥዕሎቻቸውም ለኅትመት ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ እንደ ማሸጊያ ወረቀት የሚታዩ ዕቃዎች ነበሩ። ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዷ የቺካጎዋ ማርጋሬት ብራንዴጅ ናት። ዛሬ ስሟ ከተነሣ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ዕርቃናቸውን የሆኑ ሴቶችን በድፍረት በመሣሏ ሲሆን፣ ይህም ሐሰት ባይሆን እንኳ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የሥራዋን መልክ፣ የስኬቷን ዘመንና የውድቀቷንም ሰዓት ከማንኛውም ነገር በላይ የወሰነው ትሥልበት የነበረው ቀለም፣ ማለትም በጣት ሲነኩት የሚረግፈው ለስላሳ የቀለም ጠመኔ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ፐልፕ መጽሔት የሚባለው ምን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ፐልፕ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተፈጭቶ የላመ የእንጨት ሙክ ማለት ሲሆን፣ መጽሔቶቹ ይህን ስያሜ ያገኙት ከዚሁ ሙክ በሚሠራ ሻካራ፣ ቶሎ ቢጫ በሚሆንና በሚሰባበር ርካሽ ወረቀት ላይ ስለሚታተሙ ነው። በዚህ ዐይነት ወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ልብ ወለድ ብቻ የያዘ መጽሔት በማሳተም መንገዱን የከፈተው ፍራንክ መንሲ የተባለው አሳታሚ ነበር፤ መጽሔቱ “አርጎሲ” በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ቅርጽ ከያዘ በኋላ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የከብት እረኞች ጀብዱ፣ የፍቅር፣ የጦርነትና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔቶች እየተከታተሉ ወጡ። አንድ የተለመደ ፐልፕ ወደ 18 በ25 ሴንቲሜትር ስፋትና 128 ገጽ አካባቢ ኖሮት፣ ዋጋውም እንደ መጽሔቱ ከ10 እስከ 25 ሳንቲም ይደርስ ነበር። የውስጡ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ በዚያ ላይ የሚታተሙት ሥዕሎች በጥቁር መስመር ብቻ የተሣሉ ነበሩ። አሳታሚው ጥሩ ወረቀትና ሙሉ ቀለም የሚያወጣው ለአንድ ቅጠል ብቻ ሲሆን፣ እሱም የፊት ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ የመጽሔቱ ማስታወቂያም፣ ብቸኛ ጌጥም፣ አንዳንዴም ከፍተኛው ወጪው ነበር ማለት ይቻላል።

ብራንዴጅ ስም ያተረፈችበት “ዊርድ ቴልስ” በመጋቢት 1923 በቺካጎ የተመሠረተ፣ የሙታን መናፍስትን፣ የጥንት ጥንቆላን፣ ከሰው ዓለም ውጭ የሆኑ ፍጥረታትንና ይህን የመሰለውን ሁሉ የሚተርክ መጽሔት ነበር፤ ስሙም “እንግዳ ታሪኮች” እንደ ማለት ነው። መጽሔቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የገንዘብ ችግር ያልተለየው ቢሆንም፣ ከ1924 መጨረሻ ጀምሮ ዋና አዘጋጅ የሆነው ፋርንስወርዝ ራይት በብልሃት አቆይቶታል። ራይት እጁን ያንቀጠቅጠው በነበረው የፓርኪንሰን ሕመም እየተሠቃየ የኤች ፒ ላቭክራፍትን፣ የሮበርት ሃዋርድንና የክላርክ አሽተን ስሚዝን የመሳሰሉ ጸሐፊዎችን ሥራ ለአንባቢ ያደረሰ ሰው ነው። የዘመኑ ሌሎች መጽሔቶች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመቶ ሺዎች ሲሸጡ፣ “ዊርድ ቴልስ” ግን በጠባብ ግን ታማኝ በሆነ የአንባቢ ክበብ የሚኖር መጽሔት ስለ ነበር፣ ለአንድ ዕትም ሽያጭ ከፍና ዝቅ ማለት የሽፋኑ ሥዕል የነበረው ድርሻ እጅግ የጎላ ነበር።

ማርጋሬት ሄዳ ጆንሰን በታኅሣሥ 1900 በዚያችው በቺካጎ ተወለደች። አባቷ ገና በልጅነቷ ስለ ሞተባት ያደገችው በእናቷ እጅ ነው። የተማረችበት የማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋልት ዲዝኒም ለአጭር ጊዜ የተቀመጠበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እሷ ስትመረቅ እሱ ሳይጨርስ መውጣቱን የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ሁሉ ሳይጠቅሱ አያልፉም። ከዚያም በቺካጎ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከ1921 እስከ 1923 ተማረች፤ ነገር ግን ለማስታወቂያና ለመጽሔት ሥራ የሚያስፈልገውን የፊደል ቅርጽ አጣጣል ትምህርት ማለፍ ስላልቻለች ዲፕሎማውን ሳትቀበል ቀረች። ከትምህርት በኋላ የገባችበት ሥራ የፋሽን ሥዕል ነበር፤ ይህም ፎቶግራፍ በጋዜጣ ላይ ገና በደንብ በማይታተምበት ዘመን፣ ልብስ ሰፊዎችና ትላልቅ መደብሮች አዲስ ቀሚሳቸውን ለማስተዋወቅ የሚያሠሩት ሥዕል ነው። የዚህ ሥራ ሠዓሊ የሰውን አካል ከትክክለኛ ልኩ ጥቂት አስረዝሞ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ የጨርቁን አወዳደቅ አጉልቶ መሣል ይጠበቅበታል። ኋላ በብራንዴጅ ሽፋኖች ላይ የሚታዩት ሴቶች መሥዋዕት ሊሆኑ በጣዖት ፊት ተንበርክከው እንኳ በልብስ መደብር መስኮት ውስጥ እንደቆሙ ዐይነት ሸንቃጣና የተመቻቹ መስለው የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1920ዎቹ ቺካጎ ውስጥ “ዲል ፒክል ክለብ” የሚባል፣ ሠዓሊው፣ ገጣሚው፣ የሠራተኛ ማኅበር ቀስቃሹ፣ ፕሮፌሰሩና ሥራ አጡ እኩል ተቀምጠው የሚከራከሩበት ቤት ነበር። ማርጋሬት ማይረን ብራንዴጅን ያገኘችው በዚህ ቤት ነው። ባልንጀሮቹ “ስሊም” ይሉት የነበረው ይህ ሰው ቤት ቀቢ፣ ከከተማ ከተማ በባቡር እየተንከራተተ የኖረ፣ አንደበተ ርቱዕና የግራ ፖለቲካ ደጋፊ ነበር። በ1927 ተጋብተው በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ትዳሩ ግን ቤት አላቆመም። ባልየው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ርቆ ስለሚቆይ፣ የልጇና የእናቷ መተዳደሪያ በእሷ ላይ ወደቀ፤ በ1939ም ተፋቱ። ሠዓሊዋ ወደ ፐልፕ መጽሔቶች የመጣችው እንግዳ ታሪክ የመሣል ፍቅር ስቧት አልነበረም፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የፋሽን ሥራውን አድርቆባት የቤት ኪራይና ቀለብ ፍለጋ ሥዕሎቿን በብብቷ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ነው። ራይት ሥዕሎቿን አይቶ በመጀመሪያ የምሥራቅን ጀብዱ ይተርክ ለነበረው ለሁለተኛው መጽሔቱ “ኦሪየንታል ስቶሪስ” የ1932 የጸደይ ዕትም ሽፋን አሠራት። በመስከረም 1932 ደግሞ የመጀመሪያው የ“ዊርድ ቴልስ” ሽፋኗ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። የፐልፕ ሽፋን ሠዓሊዎች አብዛኞቹ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ይሥሉ ነበር፤ የዘይት ቀለም የሚደርቅ፣ የሚላክና ቢሳሳቱ የሚታረም ነገር ነው። ብራንዴጅ ግን የምትሠራው በፓስቴል ነበር። ፓስቴል ማለት የተፈጨ ቀለም ከጥቂት ማጣበቂያ ጋር ተለውሶ በበትር መልክ የተሠራ ጠመኔ ሲሆን፣ ማጣበቂያው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የቀለሙ ብናኝ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ አይሰርጽም። ለዚህ ጉድለቱ የሚከፍለው ካሣ አለው፦ ብናኙን የሚሸፍነው የዘይት ወይም የሙጫ ሽፋን ስለሌለ ብርሃን በቀጥታ ከቀለሙ ላይ ይመለሳል፣ በዚህም ቀለሙ ከማንኛውም ሌላ ቀለም ይልቅ ትኩስና ድምቅ ያለ ይመስላል። በተጨማሪም ሠዓሊው በጣቱ እያሸ አንዱን ቀለም ወደ ሌላው ያለ ምንም መስመር ሊያሻግረው ይችላል፤ የሰውን ቆዳ ለመሣል ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። የብራንዴጅ ሽፋኖች ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው የሚታዩበት ምሥጢር ይኸው ነው። በዙሪያቸው የተደረደሩት የዘይት ቀለም ሽፋኖች ሽጉጥ፣ ጭስ፣ የሚጋልብ ፈረስና የሚጮኽ ሰው በአንድ ጊዜ አጨናንቀው ሲያቀርቡ፣ የእሷ ሥዕል ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ከኋላቸው ምንም ያልተሣለበት አንድ ወጥ አረንጓዴ ወይም ቀይ ወይም ሰማያዊ መደብ፣ በዚያም ላይ ከውስጡ የሚያበራ የሚመስል የቆዳ ቀለም ነበር። ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው እንኳ ለይቶ ያየዋል።

የሥራው ሂደት እንዲህ ነበር። አዘጋጁ ከሚወጣው ዕትም ታሪኮች አንዱን መርጦ ጽሑፉን ይሰጣታል፤ እሷ አንብባ ሁለት ወይም ሦስት የእርሳስ ንድፎች ታመጣለች፤ ራይት አንዱን ይመርጥና ሙሉው ሥዕል በፓስቴል ይሠራል። ለሞዴል፣ ማለትም ለሠዓሊ እየቆመ ለሚሣል ሰው፣ የምትከፍለው ገንዘብ ስላልነበራት አብዛኛውን ጊዜ ከምናቧና በፋሽን ሥራ ካካበተችው ልምድ ነው የሣለችው። ሥዕሉ ሲያልቅ በፖስታ ሊላክ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ቢታሽ ፊቱ ይበላሻልና። ስለዚህ ራሷ ተሸክማ በሰሜን ሚቺጋን ጎዳና ቁጥር 840 ወደሚገኘው ቢሮ ታደርሰዋለች፤ እዚያም ከመስተዋት ሥር ያደርጉትና ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ በጥንቃቄ ይጠብቁታል። ለኅትመት የሚሆነው ፎቶግራፍ በየቀለሙ ማጣሪያ መስተዋት ተለይቶ ይነሣና፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የብረት ሰሌዳ ይወጣላቸዋል፤ ሰሌዳዎቹ በተራ በአንዱ ወረቀት ላይ ሲታተሙ የሥዕሉ ቀለም እንደገና ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ ከብናኙ ውበት የሚቀረው ጥቂቱ ቢሆንም፣ ያ ጥቂቱ ለገበያ በቂ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሽፋን 90 ዶላር ይከፈላት ነበር። የገንዘቡን መጠን ለመገመት መጽሔቱ ለጸሐፊዎቹ ይከፍል ከነበረው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቃል አንድ ሳንቲም አካባቢ ስለሚከፈል፣ አንድ ጸሐፊ 90 ዶላር ለማግኘት የ9,000 ቃላት ታሪክ መጻፍ ነበረበት፤ ያም ክፍያ ዘግይቶ ወይም ተቆራርጦ ይመጣ ነበር። በ1935 መጽሔቱ ለሮበርት ሃዋርድ ብቻ ከ800 ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። ከዚህ አንጻር ሲታይ አሳታሚው ለሽፋኑ የነበረው ግምት ለጽሑፉ ከነበረው እንዳላነሰ ገንዘቡ ራሱ ይመሰክራል።

ከሰኔ 1933 ጀምሮ እስከ ነሐሴና መስከረም 1936 ጥምር ዕትም ድረስ ያለማቋረጥ የወጡት 39 ሽፋኖች በሙሉ የእሷ ነበሩ፤ እስከ ጥር 1945 ድረስ ለመጽሔቱ የሠራቻቸው ሲደመሩ ደግሞ 66 ይሆናሉ። በየወሩ አንድ የተጠናቀቀ ሥዕል፣ ከሦስት ዓመት በላይ፣ ያለ አንድ ዕረፍት ማለት ነው፤ በቤቷም እናትና ልጅ አሉ። ይህን ያህል ተከታታይ ሥራ በአንድ መጽሔት ፊት ላይ ያሳረፈ ሠዓሊ መጽሔቱን ብቻ ሳይሆን አንባቢው ስለ መጽሔቱ ያለውን ምስል ጭምር ይሠራል፤ በእርግጥም የዚያ ዘመን “ዊርድ ቴልስ” ሲታሰብ በብዙዎች ዐይን የሚመጣው የእሷ ቀለም ነው።

ከእነዚህ መካከል ዛሬ በብዛት የሚታተመውና የሚባዛው የጥቅምት 1933 ሽፋን ነው። ኤድመንድ ሃሚልተን ሂዩ ዴቪድሰን በሚል የብዕር ስም የጻፈውን የደም መጣጮች ታሪክ ለማስተዋወቅ የተሠራ ሲሆን፣ የሌሊት ወፍ ጭምብል ያደረገች አንዲት ሴት ከክንዶቿ በላይ ወደ ተመልካቹ ትመለከታለች። መሥዋዕት የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ የሚያድን ጀግና የለም፤ ጥቁር ቅርጽ፣ ዐይንና ቆዳ ብቻ ናቸው ያሉት። ከስድሳ ስድስቱ ሁሉ በጥቂት ነገር ብዙ የተናገረችበት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሠዓሊዋን ችሎታ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር መጀመሪያ ሊያየው የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ሌላው ታሪካዊ ዋጋ ያለው ሥራዋ ኮናን የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሚመለከት ነው። ሮበርት ሃዋርድ የፈጠረው ይህ የጥንት ዘመን ጎራዴኛ ኋላ በፊልምና በሥዕላዊ መጽሔት ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ከታሪኮቹ ዘጠኙ በብራንዴጅ ሽፋን ታጅበው ወጥተዋል፤ በመጽሔት ሽፋን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በግንቦት 1934 እሷ በሣለችው ሥዕል ነው። የሚገርመው ግን የእሷ ኮናን ዛሬ የምናውቀውን ጡንቻው የተወጣጠረ ግዙፍ ሰው ጨርሶ አይመስልም፤ ይልቁንም ሴቲቱ በተጠመጠመችበት ጊዜ ድጋፍ የሚያስፈልገው እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ ቀጠን ያለ ወጣት ነው። ከዘጠኙ ሽፋኖች በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኮናን ራሱ የለም፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው በታሪኩ ውስጥ የተያዘችው፣ የምታስረው ወይም የምትንበረከከው ሴት ናት። ፍራንክ ፍራዜታ በ1966 ለወረቀት ሽፋን መጻሕፍት በዘይት ቀለም የሠራው ኮናን ወጥቶ የቀደመውን ምስል ሁሉ እስኪሸፍን ድረስ፣ የመጽሔቱ አንባቢ ይህን ገጸ ባሕርይ ያወቀው በፓስቴል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው የሁለት ሠዓሊዎችን የችሎታ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ማን እንደ ሆነና ምን ሊገዛ እንደመጣ በሁለቱ ዘመናት የነበረውን ግምት ጭምር ነው።

የዕርቃን ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከንድፎቹ መካከል የሚመርጠው አዘጋጁ ሲሆን፣ አዘጋጁ ደግሞ የሚመርጠው የሽያጭ ሒሳቡን እያየ ነበር። በመስከረም 1933 ዕትም ላይ አንዲት ሴት ሌላዋን አስራ ስትገርፍ የሚያሳየው ሽፋን ብዙ ከተሸጡት አንዱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ቢሮው ወደ የትኛው አቅጣጫ እንዳዘነበለ መገመት አያዳግትም። ጸሐፊዎቹም ይህን ለመረዳት አልዘገዩም። ታሪኩ የሽፋኑን ክብር እንዲያገኝ የፈለገ ጸሐፊ በመካከሉ አንዲት ልብሷ የተገፈፈ ሴት የምትታይበትን ትዕይንት ማስገባት ይበቃዋል የሚለው ምክር በደራሲዎቹ ዘንድ የታወቀ ነበር፤ በዚህ ብልሃት በጣም የተሳካለትም ሲበሪ ኩዊን ነው ይባላል። እንዲህ ዐይነት ብልሃት ያልነበረው ላቭክራፍት ግን ሽፋኖቹ ከመጽሔቱ መንፈስ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም ብሎ ለወዳጆቹ ያማርር ነበር፤ አንድም ታሪኩ በብራንዴጅ ሽፋን አልታጀበም። በአንባቢዎች ደብዳቤ ዐምድ ውስጥም ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ። አንዳንዱ መጽሔቱን በአውቶቡስ ውስጥ ገልጦ ለማንበብ እንደሚያፍር ሲጽፍ፣ ሌላው ሥዕሎቹ ከታሪኮቹ እንደሚበልጡ ይከራከር ነበር።

ክርክሩን ያጋጋለው አንድ ነገር የሠዓሊው ማንነት ነበር። ሥዕሎቹ የሚፈረሙት “ኤም. ብራንዴጅ” ተብለው ስለ ነበር አብዛኛው አንባቢ ሠዓሊው ወንድ መስሎት ቆይቷል፤ ራይት በ1934 “ኤም” ማርጋሬት መሆኗን ሲገልጽ የተቃውሞው ድምፅ ከመርገብ ይልቅ በረታ። አንድ ወንድ ዕርቃን ቢሥል የተለመደ ንግድ የሚመስለው አንባቢ፣ ሴት ሣለችው ሲባል ነውር ሆኖ ታየው ማለት ነው። የጥቅምት 1934 ዕትም በዚህ ረገድ የሚያስገርም ገጠመኝ የያዘ ነው። የሽፋኑ ታሪክ ጸሐፊ “ሲ. ኤል. ሙር” የሚል ፊርማ ያላት ስትሆን፣ እሷም በኢንዲያናፖሊስ ባንክ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ ካትሪን ሉሲል ሙር የተባለች ወጣት ነበረች። ታሪኩ ጥሩር ለብሳ የምትዋጋ ጀሬል የተባለች የፈረንሳይ ባላባትን ጀብዱ የሚተርክ ሲሆን፣ ሽፋኑ ግን የሚያሳየው ተዋጊዋን ከጥሩሯ ተላቃ ጥቁሩን ጣዖት አቅፋ ነው። ሁለት ሴቶች ስማቸውን በመነሻ ፊደላት ጀርባ ደብቀው፣ ስለ አንዲት ሴት ጦረኛ፣ በአብዛኛው ወንዶች ለሚገዙት መጽሔት የሠሩት ሥራ ነው። ብራንዴጅ ከታሪኩ ርቃ ገበያውን መከተሏን እዚህ ላይ መካድ አይቻልም፤ ንድፉን ማን እንደ መረጠም መዘንጋት አይገባም።

ውድቀቱ የመጣው ከተቃዋሚዎቹ ደብዳቤ አልነበረም። በ1938 “ዊርድ ቴልስ” ለኒው ዮርክ አሳታሚ ተሸጠና ቢሮው ከቺካጎ ወደዚያ ተዛወረ። ለዘይት ቀለም ሠዓሊ ይህ የፖስታ ወጪ ጭማሪ ብቻ በሆነ ነበር። ለብራንዴጅ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጓዝ ባቡር ላይ እየተንገጫገጨ የሚሄድ የፓስቴል ሥዕል ሲደርስ ብናኙ ከወረቀቱ ረግፎ ወይም ተዛንፎ የሚገኝ ነገር ነው። ብናኙን የሚያጣብቅ ፈሳሽ ቢረጭበት ደግሞ ቀለሙ ይጨልማል፤ ማለትም ሥዕሉን ለማዳን ሲባል የሥዕሉ ዋጋ የሆነው ድምቀት ይጠፋል። በዚያው ጊዜ የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በከተማው የጋዜጣ መሸጫዎች ላይ በሚታዩ ልቅ ሽፋኖች ላይ ዘመቻ ከፍቶ ስለ ነበር፣ አዲሱ አሳታሚ ዕርቃኑን ቀንሶ ሌሎች ሠዓሊዎችን ማሠራት መረጠ። የሽፋን ክፍያም ዝቅ አለ። ራይት በ1940 መጀመሪያ ከሥራው ተሰናብቶ በዚያው ዓመት በሰኔ ሞተ። በእሱ ቦታ የተተካችው ዶሮቲ ማክኢልሬዝ ብራንዴጅን ጨርሳ ባትተዋትም ያሠራቻት አልፎ አልፎ ነበር፤ የመጨረሻው አዲስ ሽፋኗ በጥር 1945 ወጣ።

ፐልፕ መጽሔቶቹ ራሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወረቀት እጥረት ገጻቸውን አሳነሰው፤ ቀጥሎም ሥዕላዊ የልጆች መጽሔቶች፣ የኪስ መጻሕፍትና ቴሌቪዥን አንባቢያቸውን ተካፈሉት። “ዊርድ ቴልስ” በመስከረም 1954 ተዘጋ። የቀድሞ ባሏ ስሊም በ1951 “ኮሌጅ ኦቭ ኮምፕሌክስስ” የተባለውን የክርክር መጠጥ ቤት በቺካጎ ከፍቶ በከተማዋ ታዋቂ ሲሆን፣ ማርጋሬት ግን ሥዕል መሥራቷን ሳትተው፣ የቀድሞውን ክፍያ የሚተካ ቋሚ ሥራ ግን ሳታገኝ በድህነት ኖረች። ልጇ በ1972 ቀደማት። በሚያዝያ 1976 በተወለደችበት ከተማ ሞተች።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎችና ሰብሳቢዎች ፈልገው አግኝተዋት ነበር። ይህ ግኝት ለታሪክ ጸሐፊዎች ቃሏን አቆየላቸው፤ ለእሷ ግን ያመጣላት ደስታ የተደባለቀ ነበር፤ ካስቀመጠቻቸው ሥዕሎች ጥቂቶቹን በርካሽ ሸጠች፣ ሌሎቹ በአፍቃሪዎች ጉባኤ ላይ ለእይታ በቀረቡበት ተሰረቁ። ሕይወቷንና ሽፋኖቿን በአንድ ላይ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ የታተመው በ2013 ነው። ዛሬ አንድ የ“ዊርድ ቴልስ” ሽፋን የሆነ የፓስቴል ሥዕሏ ለጨረታ ሲቀርብ፣ 90 ዶላር የተከፈለበት ሥራ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል።

ይሁን እንጂ ለጨረታ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ከ66ቱ የአብዛኞቹ መነሻ ሥዕል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፤ የሚታወቁት በአራቱ ቀለማት ታትሞ፣ ጠርዙ ተሰባብሮ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ባዘነበለ ሽፋን ብቻ ነው። የተረፉትን የያዙ ሰብሳቢዎች እንደ ቀድሞው የሚቺጋን ጎዳና ቢሮ ሠራተኞች ከመስተዋት ሥር አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ መስተዋቱም የሥዕሉን ፊት እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይደረግበታል።